ባለ ሁለት ቋጠሮው ክር

ነቀምቴ ውስጥ ክር የማይቀበል ብር ሠሪ ነበረ።

ብር ሠሪና ክር ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። በዚያ ዘመን ቀለበት የሚታዘዘው በክር ነበር። የልጅቱ ጣት በክር ይለካል፣ ልኩ ላይ ይቋጠራል፣ ሙሽራው ቋጠሮውን ይዞ ወደ ብር ሠሪው ይሄዳል። ልጅቱ ራሷ አትሄድም፤ ጣቷን ለባዕድ ወንድ አትዘረጋም። ዓምደሚካኤል ግን ከአንድ ክረምት ወዲህ ክር ይዞ የመጣውን ሁሉ «ባለ ጣቷ ራሷ ትምጣ» እያለ ይመልስ ጀመር። ከተማው ሰውየውን አንድ ነገር ነካ አድርጎታል አለ። ሌሎቹ ሁለት ብር ሠሪዎች ገበያው ወደነሱ ስለዞረ መረቁት። ምክንያቱን የሚያውቁት እሱና አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ።

አባቱ ወልደዮሐንስ ከአንኮበር ከአንድ ሹም ጋር ወለጋ ገብቶ፣ ሹሙ ተሽሮ ሲመለስ የቀረ ሰው ነበር። ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ሠርቶ ወናፉን ተከለ። ልጁ አማርኛውን ከአባቱ፣ ኦሮምኛውን ከገበያው ለመደ፤ በሁለቱም ግን ብዙ አይናገርም ነበር። ሽማግሌው ሲሞት የሥራ ዕቃውን፣ አንዲት ማርትሬዛ ብርና አንድ ደንብ አወረሰው።

ደንቡ የጋብቻ ቀለበት ከአንድ ቤት ብር ብቻ ይሠራ የሚል ነው። ሙሽራው ከቤቱ ያመጣት ማርትሬዛ ትቀልጣለች፣ ቀለበቱ ከሷ ይወጣል፣ የተረፈው እስከ ብናኙ በጨርቅ ተቋጥሮ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባዕድ ብር አይገባበትም። «ሴት ልጅ በአንድ ጣቷ ሁለት ወንድ አትሸከምም» ይል ነበር ሽማግሌው፣ መዶሻውን ሳያቆም።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። መንግሥት የወረቀት ገንዘብ አውጥቶ ማርትሬዛ ከገበያ እየወጣች ነበር። ሰዉ ወረቀቱን ገና አላመነም፤ ማርትሬዛውን ከየጓዳው እያወጣ ወደ ብር ሠሪ አመጣት፤ ገንዘብነቷ ሲያበቃ የሴቶች አንገትና ጣት ላይ ገባች። ዓምደሚካኤል ከጧት እስከ ማታ ብሯ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ሲያቀልጥ ይውል ነበር። ዙሪያዋ ያለው ጽሕፈት ቀድሞ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ጸጉሯ፣ ፊቷ መጨረሻ ላይ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከሷ ሌላ በቅርብ የሚያየው የሴት ፊት አልነበረውም።

ቀለሟ የመጣችው በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። የመምህር ነመራ ልጅ ናት። አባቷ በወንጌላውያኑ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነች። በቀኝ እጇ በመሐረብ የተጠቀለለ ቀለበት ይዛለች፤ ግራ እጇ ከነጠላዋ ውስጥ አልወጣም።

«አካም ቡልቴ፣ ወንድሜ። ይኼ የእናቴ ነው። ለኔ እንዲሆነኝ ሰፋ አድርግልኝ።»

«ጣትሽን ልየው።»

«የግድ ነው?»

«ሳላይ ምን ብዬ አሰፋዋለሁ?»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ መንገዱን አየች። ከዚያ ግራ እጇን አወጣች። የቀለበት ጣቷ አንጓ አብጦ ጠመም ብሏል።

«ሰባት ዓመቴ ሳለ የወፍጮ መጅ ወደቀበት» አለች። «የሰፈራችን ልጆች ዝንጅብል ነው የሚሉት።»

ዓምደሚካኤል አልሳቀም፣ አላዘነላትምም። ጣቱን እንደ ማንኛውም ሥራ አየው።

«ሁለት ልክ ነው ያለው» አለ። «አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመቀመጫ። ለመግቢያው ተብሎ ሲሠራ ውስጡን ትንሽ ሞላ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ አይዞርም።»

ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር መዘዘች። ክሩን እሷ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ቋጠሮውን እሱ ቋጠረ፤ አንድ አንጓው ላይ፣ አንድ ከሥሩ። ጫፉን መልሶ ሆዱ ውስጥ የሚደብቅ የአባቱ ቋጠሮ ነው። ጣቷን አልነካውም። ሁለቱም እንዳልነካው ያውቁ ነበር።

ከዚያ መቁረጫውን አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቆርጬ ብር ልጨምርበት።»

«ካልተቆረጠ አይሰፋም?»

«አይሰፋም።»

ቀለበቱን ከፊቱ አነሣችው። «እንግዲያው ይቅርብኝ፤ የእናቴን አላስቆርጥም። አንገቴ ላይ አስረዋለሁ።» ክሩንም አነሣች። «ይኼንንም ልውሰደው፣ የኔ ልክ አይደል?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ቀለበቱ ደበዘዘ አለች። በሎሚ አሸላት። በሌላውም ቅዳሜ መጣች። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ቀለበት በየሳምንቱ አይደበዝዝም፤ ይህን እሷም አታጣውም፣ እሱማ ሥራው ነው። ሎሚው ግን በየቅዳሜው ተገዝቶ ይጠብቃት ነበር።

አንድ ቀን እሳቱ ላይ ያለችውን ማርትሬዛ አጎንብሳ አየቻት።

«ይቺ ሴትዮ ባል የላትም?»

«ሞቶባታል ይል ነበር አባቴ። ያ ራሷ ላይ ያለው የሐዘን ሻሽ ነው አሉ።»

«ታዲያ ያዘነች ሴት ለምን ታቀልጣለህ?»

«ለሙሽሮች።»

ሳቀች። ሳቋ ከሄደች በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሰነበተ። ቅዳሜ ማታ ሱቁን ሲዘጋ፣ እስከሚመጣው ቅዳሜ ያለውን ቀን ይቆጥር ጀመር፤ ብቸኝነቱ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በጥር ላይ የአባቱን ማርትሬዛ አቀለጣት። ክሩ እጁ ላይ የለም፤ አላስፈለገውም። አንጓውን የሚያልፍ፣ ውስጡ ሞላ ያለ ቀለበት ሠርቶ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጠ። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። ጎረቤቱ አቶ ዱቤ በዚህ ነገር የታወቁ ሰው ናቸው፤ ቢጠየቁ በዚያው ቀን ከዘራቸውን ያነሡ ነበር።

አልጠየቃቸውም። ከጥምቀት በኋላ አለ። ከጥምቀት በኋላ ጾሙ ገባ፤ ከፋሲካ በኋላ አለ። ፈርቶ ነው። በዚያ ዘመን ለብረትና ለብር ሠሪ ልጅ መስጠት ቀርቶ ከሚጠጡበት ዋንጫ የማያጠጡ ቤቶች ነበሩ። ቀጥቃጭ የምትለዋን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷታል፤ ከነመራ አፍ እንዳይሰማት ፈራ። ደግሞ እሱ ማርያም ሳሚ፣ እነሱ የወንጌል ሰዎች ናቸው። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የለመደ ሰው፣ ይህንን ለክቶ ለክቶ ሳይቆርጠው ግንቦት ገባ።

በግንቦት ቀለሟ ቀረች። አንድ ቅዳሜ ቀረች። ሁለተኛውንም። ሎሚዎቹ መስኮቱ ላይ ደረቁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ወፍራም፣ ፊቱ የሚስቅ ሰው በቅሎውን ደጃፉ ላይ አሰረ። ጉሉማ ይባላል፣ ከጊምቢ ማር እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዓምደሚካኤል? ቀለበት ላሠራ ነው። ለዛሬ ሳምንት ይደርስልኛል?»

ከኪሱ የናቱን ማርትሬዛ አወጣ። ከሌላው ኪሱ ክር አወጣ። ቀይ ነው፤ ሁለት ቋጠሮ አለው፤ ጫፉ ሆዱ ውስጥ ተደብቋል።

«ልጅቱ ራሷ ናት የሰጠችኝ» አለ ጉሉማ፣ ደስ እያለው። «'ሌላ ብር ሠሪ ጋ እንዳትሄድ፣ እሱ ያውቀዋል' አለችኝ። የመምህር ነመራ ልጅ ናት፤ ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ።»

«እንግዲህ አደራ።»

ጉሉማ ከሄደ በኋላ ክሩን ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ቀለበት እስኪደረግ ድረስ ነገር አላለቀም፤ በዚህ አገር ያልታሰረ ቃል ይመለሳል። ሰባት ቀን ነበረው። ከሱቁ እስከ ነመራ ደጅ አንድ ሰው ሳይቸኩል ቢሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ሰኞ ዕለት አቶ ዱቤ አጥር ድረስ ሄደ። አቶ ዱቤ ግቢው ውስጥ ላማቸውን ያልባሉ። አጥሩን ይዞ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተመለሰ።

ማክሰኞ የጉሉማን ማርትሬዛ አቀለጠ። ያን ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣለት። በትንሿ ቋጠሮ፣ በመቀመጫዋ ልክ ሊሠራው ወሰነ። አንጓው ላይ ይቆማል። ሰዉ ሁሉ ያያል፤ ጋብቻው እንዳይሆን ምልክት ነው ይላል። እሷ ግን ታውቃለች፤ እጄ ልኳን እንደማይስት ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ትመጣለች። አንደበቴ ያቃተውን ብሩ ይናገርልኛል አለ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው ዕድሜውን ከብር ጋር ብቻ የተነጋገረ ሰው ነው።

በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ያማረ ቀለበት ወጣው። ዓርብ ከተረፈው ብርና ከክሩ ጋር በጨርቅ ቋጥሮ ለጉሉማ አስረከበው።

ሰኞ ጧት መጣች። አክስቷ ዘርፈሽ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ጨው ሻጭ ዘንድ ቆመው ይጠብቋታል። ቀለበቱን ሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ክሩን ከጎኑ።

«ይኼንን ቋጠሮ የቋጠረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የቱ ለመግቢያ፣ የቱ ለመቀመጫ እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

ጠፍቶኝ ነው ቢል ይቀልለው ነበር። መዋሸት ግን አያውቅበትም።

«አልጠፋኝም።»

ቀለሟ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ሽማግሌው ሁሉ ተቀምጦ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ቀለበቱን ጣቴ ላይ አደረገ። እዚች ጋ ሲደርስ ቆመ። ገፋው፣ እምቢ አለ። ቅቤ አመጡ። በቅቤም እምቢ አለ። ሴቶቹ ተነሥተው ከበቡኝ፤ አንዷ እጄን ይዛ ለሌላዋ አሳየቻት። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነጠላ ውስጥ የደበቅሁትን ጣት፣ ዓምዴ፣ ቤት ሙሉ ሰው ቆሞ አየው።»

ይህን አላሰበም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቀለበቱ አስቧል፣ ስለ ጉሉማ አስቧል፣ ስለ ራሱማ ከሁሉ ይልቅ አስቧል። እሷ እዚያ እጇን ዘርግታ መቀመጧን አላሰበም።

«እንድትመጪ ብዬ ነው» አለ በቀስታ።

«እኔም ክሩን የላክሁልህ እንድትመጣ ብዬ ነው። ከተማው ውስጥ ሌላ ብር ሠሪ ጠፍቶ ነው? ያን ቋጠሮ ሲያይ ይነሣል፣ አባቴ ዘንድ ይመጣል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ደጅ ደጁን ሳይ ከረምሁ። አንተ ቀለበት ላክህ።»

«አባትሽ ለኔ ዓይነቱ...»

«አባቴን ጠይቀኸው ታውቃለህ? 'ያ ሎሚ የሚፈጀው ልጅ መቼ ነው ሽማግሌ የሚልከው' እያለ ሲያሾፍብኝ ነው የከረመው። አባቴ የአናጢ ልጅ የሚያመልክ ሰው ነው። ብር ሠሪ ይንቃል ብለህ ነው?»

ዓምደሚካኤል አፉን ከፈተ። አሁን እንኳ ቢናገር ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም። እሷም ጠበቀችው፤ ጨው ሻጯ ሁለት ደንበኛ እስክትሸኝ ድረስ ጠበቀችው። እሱ መቁረጫውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

ቀለሟ ዓይኗን ከሱ አነሣች።

«ቀለበቱ እምቢ ሲል ጉሉማ ምን እንዳለ ልንገርህ። ሳቀ። 'ጣቷ ምንም አልሆነ፣ ቀለበቱ ገና ልጅ ነው፣ ያድጋል' አለና ትንሿ ጣቴ ላይ አደረገልኝ። ከዚያ ይቺን ዝንጅብል ይዞ፣ ሰዉ ሁሉ እያየው ሳማት።» አንጓዋን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልቤ እዚህ ነበር። አሁን አይደለም። ይኼንን ልነግርህ ነው የመጣሁት፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። በል አስፋልኝ።»

ለማስፋት ብር ያስፈልጋል። ከጉሉማ ብር የተረፈውን በደንቡ መልሷል። ጀርባውን ሰጥቷት የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፈተ፣ ለሷ ከሠራው ቀለበት የእህል ቅንጣት የምታህል ቆረጠ፣ የጉሉማን ቀለበት ከፍቶ መሐሉ በየዳት። የአባቱን ደንብ ሲሰብር የመጀመሪያው ነው። እሷ መንገዱን ታይ ስለነበር አላየችውም።

ሲበርድ እጇን ዘረጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን ያዘ። ቀለበቱ አንጓውን ቀስ ብሎ አለፈና ተቀመጠ።

«ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችው። አክስቷ መንገዱን ተሻግረው መጡ፤ ሄዱ። ክሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ክር አልቀበልም አለ። አላገባም። ሰዎች ልጃገረድ አጩለት፤ አቶ ዱቤም እስኪሞቱ ድረስ ሳይጠየቁ ሁለት ጊዜ ከዘራቸውን አንሥተውለት ነበር። እሱ ግን ማታ ሱቁን ዘግቶ ለአንድ ሰው የሚሆን እሳት ያነድዳል፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ይበላል። የቆረጠውን ቀለበት ከሣጥኑ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ከክሩ ጋር ሰቀለው። ምንድነው ለሚለው ሁሉ «ያልጨረስሁት ሥራ ነው» ይል ነበር።

ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ወርቅ መጣ፣ የብር ቀለበት የድሀ ሆነ፣ ዓምደሚካኤል መነጽር አደረገ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሸብቶም ፊቱ የሚስቅ ሰው በሩ ላይ ቆመ።

«ኦቦ ዓምደሚካኤል፣ ክር አይቀበልም ሲሉ ሰማሁ» አለ ጉሉማ። «ስለዚህ ባለ ጣቷን ራሷን ከጊምቢ በአውቶቡስ ይዤልህ መጣሁ። እኔ የመመለሻ ቦታ ልያዝ።» ሚስቱን በሩ ላይ ትቶ ሄደ።

ቀለሟ ገባች፣ ተቀመጠች። ጸጉሯ በጎን በጎን ነጥቷል። ግራ እጇን ሳትጠየቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የምትደብቀው አይመስልም።

«ደህና ነህ ዓምዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ዕድሜ ይኼን አንጓ አሳበጠው። ትናንት በሳሙና ነው ያወጣሁት፤ ሁለተኛ አይገባም።» ቀለበቱን ሰጠችው። «ደግሞ አንድ ነገር አያለሁ። እዚች ጋ፣ የበየድክባት ቦታ ነጣ ብላለች። እያደር ከሌላው የተለየች ሆነች።»

«የሌላ ብር ናት።»

«የማን?»

ተነሥቶ ከግድግዳው ያን ቀለበት አወረደና ከቀለበቷ ጎን አኖረው። ጎዶሎው በዚያች ነጭ ቦታ ልክ ነበር። ቀለሟ አየችው፤ ምስማሩ ላይ የቀረውን ቀይ ክርም አየችው።

«ላንቺ የሠራሁት ነው» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ጉሉማ ከመምጣቱ በፊት፣ ሽማግሌ ልልክበት። ፈራሁና ሳልልክ ቀረሁ። ጣትሽንም ሰው ፊት አዋረድሁት፤ ለሱ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁሽም። እወድሽ ነበር ቀለሟ። አሁንም እወድሻለሁ። ምንም እንድታደርጊልኝ አይደለም፤ አንድ ቀን ልበለው ብዬ ነው።»

ከውጭ የገበያው ድምፅ ይሰማል። ቀለሟ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ለማስፋቱ አሁንም ብር ይጨመራል?»

«ይጨመራል። ጉሉማን ከቤታችሁ ብር...»

«ተወው» አለች። ጎዶሎውን ቀለበት በጣቷ ወደሱ ገፋችው። «ከዚያው ቁረጥ።»

ቆረጠ። በየደው፣ ሞረደው፣ በሎሚ አሸው። ጣቷን ያዘ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ቀለበቱ አንጓውን አልፎ ተቀመጠ።

ጉሉማ ከመንገዱ ማዶ ቦታ መያዙን በእጁ ያሳያል። ቀለሟ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ ግራ እጇን አነሣችለት። አውቶቡሱ ወደ ጊምቢ ሲነሣ ዓምደሚካኤል ከቀለበቱ የቀረችውን ቁራጭ ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀላት። ክሩን ግን አወረደና፣ አንዱን ቋጠሮ ከዚያ ሌላውን፣ በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ፈታው።